የዳኛ አፍንጫ

«ድመት ያሸተተውን የበላ ሰው፣ ሳንባው ላይ ፀጉር ይበቅልበታል!»

አክስቷ ይህን ሲሉ በሳምንቱ ውስጥ ለአራተኛ ጊዜ ነው። ፕሮፍ ቆጥራለች። እሑድ ዕለት ሳንባው ፀጉር ያበቀለው ሰውዬ አስተማሪ ነበር። ማክሰኞ ወታደር ሆነ። ረቡዕ ጾታውን ቀይሮ የአውሮፕላን አብራሪ ሚስት ሆኖ መጣ። ዛሬ ሐሙስ ነው፤ ዛሬ ደግሞ ፖስተኛ ነው።

«የኛ ሰፈር ፖስተኛ፣ እንዴት ያለ መለሎ መሰለሽ! ድመት ያሸተተችውን ዳቦ በላ። በስድስት ወሩ ራጅ ቢያነሱት ሳንባው እንደ ብርድ ልብስ! ሐኪሞቹ ራሳቸው ደንግጠው ‘መቀስ አምጡ’ አሉ ይባላል።»

«መቀስ?» አለች ፕሮፍ። «ምላጭ አይሻላቸውም ነበር?»

«ሳቂ፣ ሳቂ። ዛሬ ጥርስሽን አየን፤ ነገ ሳንባሽን እናያለን።»

ለአፍ ዳገት የለውም ይባላል። የአክስቷ አፍ ግን ዳገት ብቻ ሳይሆን ፍሬንም እንደሌለው ፕሮፍ ከደረሰችበት ሦስት ሳምንት ሆኗታል። ደግሞም ሥራ ላይ ነበረች።

ሥራዋ ወጥ ቤቱ በር ላይ በምትቀመጠው ባለ ሦስት እግር በርጩማ ላይ ነው። በርጩማዋ ላይ ዳኛ ተቀምጧል። ዳኛ ድመት ነው፤ ግራጫ፣ የግራ ጆሮው ጫፍ የተሸረፈ፣ ፊቱ ልክ ይግባኝ እንደማይቀበል ሰው የኮሰተረ። ፕሮፍ አዲሱን የዳቦ ከረጢት ከፍታ ወደ አፍንጫው አስጠጋችለት። ዳኛ አንገቱን አሰገገ፤ አሸተተ፤ ጢሙን ወደ ፊት ሰደደ፤ ከዚያ ዓይኑን ወደ መስኮቱ አዞረ። ጉዳዩ ተዘጋ ማለት ነው።

ፕሮፍ ደብተሯን ገልጣ ጻፈች፦ «ቁጥር 99። ዳቦ፣ ከአዲሱ ዳቦ ቤት። አሸተተ፣ አሰናበተ።»

ፕሮፍ የሚለውን ስም ያወጡላት የክፍሏ ልጆች ናቸው። ለማሾፍ ነበር ያወጡት። እሷ ግን እንደ ማዕረግ ተቀበለችው፤ የሚገባትን ነገር ሰዎች በስህተትም ቢሆን ሲሰጧት አትመልስም። አሥራ አራት ዓመቷ ነው። ቤቱ ውስጥ ማንበብ የሚቻል ነገር ሁሉ አንብባለች፤ የመድኃኒት ወረቀት፣ የስፌት መኪናውን መመሪያ፣ የሳሙና ካርቶን ጀርባ። የበርጩማዋን ነገር ያገኘችውም አንዲት የእናቷ ደንበኛ ቀሚስ ጠቅልላ ባመጣችበት አሮጌ መጽሔት ላይ ነው። ድመት ዓለምን የሚያውቃት በአፍንጫው ነው ይላል መጽሔቱ። አታሽትት ከተባለ ይሰርቃል፤ በሥርዓት ካሸተተ ግን ጉጉቱ ይወጣለትና ይተወዋል።

ዳኛ ድሮ ድስት የሚከፍት ሌባ ነበር። ፕሮፍ ሕግ አወጣች፤ ወደ ቤት የሚገባ ዕቃ ሁሉ መጀመሪያ በርጩማዋ ዘንድ ይቀርባል። ለአፍንጫ ይፈቀዳል፣ ለምላስ አይፈቀድም። ይኸው ከዚያ ወዲህ ዳኛ ጠረጴዛ ላይ ወጥቶ አያውቅም። ዘጠና ዘጠኝ ዕቃ፤ አንዲት ልሳት የለም። ይህን የሚያክል ነገር ቤት ውስጥ ሲሠራ አክስቷ የሚያወሩት ስለ ፖስተኛ ሳንባ ነው።

አክስቷ የአባቷ ታላቅ እህት ናቸው። ጉልበታቸውን ለመታከም መጥተው፣ የፕሮፍን ክፍል ከነአልጋው ወርሰው ተቀመጡ። አባቷ የረጅም መንገድ ሹፌር ስለሆነ እህቱን አምጥቶ፣ አውርዶ፣ ጭነቱን ጭኖ ሄደ። ፕሮፍ ፍራሽ ተነጥፎላት የእናቷ የስፌት መኪና እግር ሥር ማደር ጀመረች። ጠዋት ስትነሳ ፀጉሯ ላይ የጨርቅ ቁራጭ፣ ጉንጯ ላይ የአዝራር ቅርጽ ይገኛል። ሐኪሙ የአክስቷን ጉልበት መቼ እንደሚጨርስ የሚያውቅ የለም፤ ፕሮፍም ጠይቃ አታውቅም። ከጠየቀቻቸው ወሬ ይጀምራሉ።

አርብ ጠዋት፣ ክፍል ውስጥ፣ የወንበር ጓደኛዋ ደብተሩን ነጥቃ ታነብ ጀመር። ልጅቷን ሁሉም «ቻርጀር» ነው የሚሏት፤ የራሷ ኖሯት አያውቅም፤ የሰው ስትጠይቅ ነው የምትውለው።

«‘ቁጥር 31። የሒሳብ መጽሐፍ። ምንም ስሜት አላሳየም። እኔም የለኝም።’ ኧረ ፕሮፍ ሙድ ነሽ! ‘ቁጥር 58። አክስቴ የሠሩት ሾርባ። አሽትቶ ሲያበቃ ወለሉን በእግሩ ጫረ።’ ምን ማለት ነው መጫር?»

«ድመት ሊቀብረው የሚፈልገውን ነገር ነው የሚጭርለት።»

ቻርጀር ጠረጴዛውን እየደበደበች ሳቀች። «አቦ ሰኞ የሳይንስ ኤግዚቢሽኑ ላይ አንደኛ ነሽ! ግን ዘጠና ዘጠኝ ደባሪ ነው። መቶ አድርጊው።»

«መቶ ይሆናል።»

«መቶኛው ግን ዳቦ፣ ሳሙና ምናምን እንዳይሆን። ሼም ነው። ከበድ ያለ ነገር ይሁን።»

ፕሮፍ የቻርጀርን አስተያየት ከቁም ነገር ቆጥራ አታውቅም። የባዮሎጂ አስተማሪያቸው ግን «መቶ ምልከታ» የሚል ነገር ቢያዩ ዓይናቸው እንደሚበራ ታውቃለች። ሰውየው ከይዘት ይልቅ በድፍን ቁጥር ነው የሚያምኑት። እሷም ድፍን ቁጥር ልትሰጣቸው ነው።

አርብ ከሰዓት ትምህርት የለም። ቤት ስትደርስ እናቷ የሰፋችውን የደንብ ልብስ ለአንድ ሆቴል ልታስረክብ ወጥታለች። አክስቷ በረንዳ ላይ ወንበር አስጠግተው፣ ጉልበታቸውን ለፀሐይ ሰጥተው፣ አፋቸውን ከፍተው ተኝተዋል። አፋቸው ተኝተውም አይዘጋም፣ አለች ፕሮፍ በልቧ፤ ኮቴዋን አጥፍታ ወደ ቀድሞ ክፍሏ ገባች።

ከትራሱ ሥር አንዲት ክብ ቆርቆሮ አለች። አክስቷ ጠዋትና ማታ አውጥተው ጉልበታቸውን ይቀቡና ተመልሳ ትደበቃለች። «አትንኩብኝ፣ ከሩቅ ነው የመጣልኝ» ብለዋል በመጡ ቀን። ፕሮፍ ያንን አልረሳችም። አትንኩ የተባለ ነገር፣ ለመቶኛ ዕቃ ከዚህ የተሻለ ምን ይገኛል?

በርጩማዋ ላይ ዳኛ ቦታውን ያዘ። ፕሮፍ መጀመሪያ እንደ ልማዷ ቆርቆሮዋ ላይ ያለውን ደቃቅ ጽሑፍ አንድ በአንድ ገለበጠች፤ ካምፎር፣ ሜንቶል፣ ሜቲል ሳሊሲሌት። ከዚያ ክዳኗን ከፈተች። ሽታው ዓይን ያስለቅሳል። ዳኛ ወደ ኋላ ሸሸ፤ አስነጠሰ፤ ደግሞ ተመልሶ መጣ። ቅባቱ ወፍራም ስለሆነ በደንብ እንዲሸተው ብላ በጠቋሚ ጣቷ ጫፍ ጭልፍ አድርጋ አቀረበችለት። ጢሙን ሰበሰበ። ይህማ ተይዞ መጻፍ አለበት! ግራ እጇን ከነቅባቱ በርጩማዋ ጠርዝ ላይ አሳርፋ፣ በቀኟ «ቁጥር 100» ብላ ጀመረች። «የአክስቴ ቅባት። ወደ ኋላ ሸሸ፣ አስነጠሰ፣ ተመልሶ ጢሙን…»

ጣቷ ላይ ሸካራ፣ ሞቃት ነገር ተሰማት። እንደ ብርጭቆ ወረቀት። አንዴ። ደግሞ አንዴ።

እጇን ስትነጥቅ ጣቷ ንጹሕ ነበር።

ዳኛ ምላሱን አውጥቶ አፉን ጠራረገና ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። ጉዳዩ ተዘጋ። ፕሮፍ ደብተሯን አየች። ዘጠና ዘጠኝ ዕቃ፣ አንዲት ልሳት የለም። ዓረፍተ ነገሩን «ሰበሰበ» ብላ ጨረሰችውና ነጥብ አደረገች። ቆርቆሮዋን ከድና ወደ ትራሱ ሥር መለሰቻት። እጇን ታጠበች። ምን ሊሆን ነው? የሰው ጉልበት ላይ የሚቀባ ነገር ነው።

አሥር ሰዓት ላይ እናቷ ስትመጣ ዳኛ ከበርጩማዋ ሊወርድ ሞክሮ በጎኑ ወደቀ። ከአፉ ለሃጭ እንደ ክር ይወርዳል። ሁለት ጊዜ አስመለሰ፤ ሲነሳ የኋላ እግሮቹ የእሱ አይመስሉም።

«ምን ነክቶት ነው? ምን አባቱ ሆነ?» እናቷ ቦርሳዋን ጥላ ተንበረከከች። ከዚያ ቀና አለች። ዓይኗ ድመቱን አልፎ፣ ፕሮፍን አልፎ፣ በረንዳው በር ላይ ቆመው ወደሚያዩት ወደ አክስትየው ሄደ። «እትዬ፣ ምን ሰጡት?»

«እኔ?»

«ቀኑን ሙሉ እቤት የነበሩት እርስዎ ነዎት። ጠዋት ማታ ‘ይህ ድመት ይጥፋልኝ’ የሚሉትም እርስዎ ነዎት።»

«እኔ በእጄ ነክቼውም አላውቅ! አልወድም አልኩ እንጂ ልግደል አልኩ እንዴ?»

እናቷ ወደ ፕሮፍ ዞረች። «አንቺ ስትመጪ እንዴት ነበር?»

እዚህ ላይ አንድ ቃል ይበቃ ነበር። ፕሮፍ አፏን ከፈተች፤ የስፌት መኪናው ሥር ያለው ፍራሽ ታያት፤ አልጋዋ ታያት፤ ደብተሩ ላይ ያደረገችው ነጥብም ታያት።

«እኔ እንጃ» አለች። «ስመጣ አክስቴ ብቻቸውን ነበሩ። ድመቱን ደግሞ… ምን እንደሚሉት ታውቂያለሽ።»

እያንዳንዱ ቃል ለብቻው ሲታይ እውነት ነበር። ውሸት የሆነው ተሰፍቶ ሲያልቅ ነው። የልብስ ሰፊ ልጅ ናትና ስፌቱ አልታየባትም።

አክስቷ የሆነ ታሪክ ይጀምራሉ ብላ ጠብቃ ነበር፤ ስለ አንድ ዳኛ፣ ስለ አንድ ፖሊስ። እሳቸው ግን ፕሮፍን ብቻ አዩዋት፤ ረዘም አድርገው። ከዚያ ወደ ክፍሉ ገብተው በሩን ዘጉት።

የእንስሳት ክሊኒኩ በረኪናና እርጥብ ውሻ ይሸታል። ዶሮ በዘንቢል የያዘች ሴትዮ «ድመት ነው እንዴ? እኔ ሰው ታሞባችሁ መስሎኝ» ብላ ከንፈሯን መጠጠች። ፕሮፍ ሴትዮዋን ከእግር እስከ ራሷ አይታ፣ ለእሷ የምትሆን ስድብ ብታዘጋጅም እናቷ ጎተተቻት። ሐኪሟ እጇ እስከ ክርኗ ድረስ የተቧጨረ ወጣት ሴት ናት። ዳኛን ጠረጴዛው ላይ አስተኝታ ድዱን ገልጣ አየች፣ ሆዱን ዳሰሰች።

የእናቷ ስልክ ጮኸ። አባቷ ነው። «ቆይ፣ ለወንድምየው ልንገረው እንጂ!» ብላ ወደ ውጭ ወጣች። በመስታወቱ ውስጥ እጇን እያወናጨፈች ስታወራ ይታያል።

«ምን በላ?» አለች ሐኪሟ።

«ምንም።»

«ምን ቀመሰ፣ ምን ነካ፣ ምን አሸተተ? ትላንትናና ዛሬ።»

አሸተተ ሲባል ፕሮፍ ሳታስበው ደብተሯን አወጣች። ሐኪሟ አንድ እጇን ዳኛ ሆድ ላይ እንዳደረገች፣ በሌላው ገጾቹን ገለጠች። ቁጥር 58 ላይ ስትደርስ ሳቀች። «ይህን ሁሉ ያስሸተትሽው አንቺ ነሽ? በሥርዓት? ጎበዝ። ስንቱ ሰው ድመቱ ምን እንዳሸተተ ቀርቶ የት እንዳደረ አያውቅም።»

ፕሮፍ አንጀቷ ቅቤ ጠጣ። በመጨረሻ አንድ የሚያውቅ ሰው ተገኘ! ሐኪሟ መጨረሻው ገጽ ላይ ደረሰች። ቁጥር መቶን አነበበች። ከሥሩ የተገለበጠውን የቅባቱን ጽሑፍ አነበበች። ሳቋ ጠፋ።

«አሸተተ ነው የሚለው።»

«አዎ።»

«ብቻ?»

«ብቻ።»

«ስሚኝ የኔ እመቤት» አለች ሐኪሟ፤ ድምጿን አላነሳችም። «ይህ ለድመት መርዝ ነው። በማሽተት ብቻ ግን እንዲህ አይንገዳገድም። እንግዲህ ወይ ዋሽተሽኛል፣ ወይ የማላውቀው ሌላ በሽታ አለበት። ሌላ በሽታ ነው ብዬ ሌላ መድኃኒት ከሰጠሁትና ሆዱ ውስጥ ይህ ካለ፣ እኔ ነኝ የምገድለው። እኔ ፖሊስ አይደለሁም፤ ማን ሰጠው አልልሽም። ላሰ፣ አልላሰም?»

ዳኛ ጠረጴዛው ላይ ዓይኑን ከደነ። የኮሰተረ ፊቱ ተፈትቶ ተራ ድመት መስሎ ነበር። ከሁሉም ይህ ነው ፕሮፍን ያስፈራት።

«ላሰ።»

«ስንቴ?»

«ሁለቴ። ከጣቴ ላይ። እኔ… እየጻፍኩ ነበር።»

ሐኪሟ ሥራዋን ጀመረች። አፉን አጠበች፣ የፊት እግሩን ላጭታ ግሉኮስ ሰካችለት። ሥራዋ መሀል ላይ ከኪሷ እስክሪብቶ አውጥታ ለፕሮፍ ወረወረችላት። «ደብተርሽን አስተካክዪ። የተሳሳተ መዝገብ ከባዶ ወረቀት ይብሳል።»

ፕሮፍ «ሰበሰበ» ካለው ቀጥላ «ላሰ» ብላ ጻፈች። ለሁለት ፊደል እንኳ የማይበቃ ቦታ ነበር፤ ቃሉ ተጨናንቆ ገባ።

እናቷ ተመለሰች። «ምን ተገኘበት?»

«ቅባት ነው» አለች ሐኪሟ፣ ፕሮፍን እያየች። ቀሪውን ለእሷ ተወችላት።

«የጉልበት ቅባት?» እናቷ እጇን አጨበጨበች። «አላልኩም! የእሳቸው ቅባት! ይኸው እንግዲህ፣ ይኸው!»

ቅባቱ የእሳቸው መሆኑ እውነት ነበር። ፕሮፍ የጫማዋን ጫፍ አየች።

«ዛሬ እዚህ ያድራል» አለች ሐኪሟ።

ቅዳሜ ጠዋት ክሊኒኩ ደወለ። ዳኛ ቆሟል፤ ነርሷንም ነክሷታል። እናቷ ደስ ብሏት ዳንኪራ ልትመታ ምንም አልቀራትም። አክስቷ ግን አልነበሩም። ማንም ሳይነሳ ሻንጣቸውን ይዘው ወጥተዋል።

«በራሳቸው ጊዜ ሄዱ። ማባረሩም ቀለለልኝ» አለች እናቷ። «ሂጂ፣ አልጋሽን ያዢ።»

ፕሮፍ አልጋዋን ያዘች። አንሶላው ማዕዘኑ ተስቦ፣ ተወጥሮ፣ እንደ ሆስፒታል አልጋ ተነጥፏል፤ እሷ በሕይወቷ እንዲህ አንጥፋ አታውቅም። ጫማዋን አውልቃ በጀርባዋ ተንጋለለች። ሦስት ሳምንት የናፈቀችው ጣሪያ ይኸው። እንደ ማንኛውም ጣሪያ ነበር።

በግድግዳው ማዶ የመጀመሪያዋ ደንበኛ ለልኬት መጣች። እናቷ ሜትሯን እየዘረጋች ስታወራ ይሰማል።

«የባሌ እህት ናቸው። ድመት መረዙብኝ! አስቢው፤ የሚቀቡትን መርዝ።»

«ወይ ጉድ! ለሰውስ ይመለሳሉ ብለሽ ነው?» አለች ደንበኛዋ።

ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ሁለተኛዋ መጣች፤ መንገድ ላይ ከመጀመሪያይቱ ጋር ተገናኝተው ኖሯል። «ወተቱ ውስጥ ጨመሩት አሉ?» ብላ ነው የገባችው። «ልጅቷ ልትጠጣው ስትል ነው አሉ ድመቱ የቀደማት?»

እናቷ ወዲያው «አይ፣ እንደሱ እንኳ አይደለም» አላለችም። ትንሽ ቆየች። ቆይታ ነው ያለችው፤ ያውም በለሰለሰ ድምፅ።

ፕሮፍ ተነስታ ተቀመጠች። የሰዎችን ወሬ ዕድሜዋን ሙሉ ስትንቅ ኖራለች፤ ይህኛው ግን የማን ልጅ እንደሆነ ታውቃለች። ሰኞ ወተቱ ሻይ ይሆናል። ማክሰኞ ድመቱ ይቀርና ልጅቷ ትሞታለች። ጫማዋን አደረገች። ደብተሯን አልያዘችም።

መናኸሪያው የናፍጣ ጭስና የረዳቶች ጩኸት ነው። አክስቷን ያገኘቻቸው ጥግ ላይ፣ ከሻንጣቸው ላይ ተቀምጠው፣ ጉልበታቸውን ዘርግተው ነው። አይተዋታል፤ ግን ፊታቸውን ወደ አውቶቡሶቹ አደረጉ።

«ሞተ?» አሉ።

«አልሞተም። ተሽሎታል።»

«እንግዲያ ምን ልትይኝ መጣሽ?»

ፕሮፍ መንገድ ላይ ሦስት ዓረፍተ ነገር አዘጋጅታ ነበር፤ ሦስቱም ጥሩ ነበሩ። አሁን አንዳቸውም አልተገኙም። «እኔ ነኝ» አለች። «ቆርቆሮዋን ያወጣኋት እኔ ነኝ።»

«አውቃለሁ።»

«ያውቃሉ?»

«ክዳኗን አጣመሽ ነው የገጠምሻት። ቅባቱ ላይ ደግሞ ግራጫ ፀጉር አለ። እኔ ፀጉሬ ግራጫ ቢሆንም ጉልበቴን አላበጥርበትም።»

ሌላ ጊዜ ቢሆን ፕሮፍ በዚህ ትስቅ ነበር። ሴትዮዋ አፋቸው እንዲህ እንደሚቆርጥ እንዴት እስከዛሬ አልሰማችም? «ታዲያ ለምን አልተናገሩም?»

«ለማን? እናትሽ የኔን ቃል እንደ ጨርቅ ነው የምታየው፤ ሦስቴ ሳትለካ አትቆርጠውም። ያንቺን ግን ሳትለካ ቆረጠችው። እኔ ደግሞ በዚህ ዕድሜዬ ከድመት ጋር ፍርድ ቤት አልቆምም።» አፍንጫቸውን ነፉ። «ብልህ ናት ይሉሻል። ብልህ ሰው ሲዋሽ እንኳ የሚጠቅመውን ይዋሻል።»

ፕሮፍ መልስ ነበራት፤ ሁልጊዜም አላት። ለመጀመሪያ ጊዜ መልሱን ተወችውና ከኪሷ የተሰነጠቀ ስልኳን አወጣች። የእናቷን ቁጥር ነካች። ድምፁን ከፍ አድርጋ አክስቷ እንዲሰሙት በመሀላቸው ያዘችው።

የስፌት መኪናው ድምፅ ከስልኩ ውስጥ ይንደረደራል። «የት ሄድሽ አንቺ ልጅ?»

«እማ፣ ቅባቱን ለዳኛ የሰጠሁት እኔ ነኝ። አክስቴ አልነኩትም። ተኝተው ነበር። ሰርቄ ነው ያወጣሁት፤ ሲልስ አይቼ ዝም አልኩ። ትላንት ስትጠይቂኝም ሆን ብዬ ነው እንደዚያ ያልኩት።» ትንፋሽ ወሰደች። «ለሴቶቹም ንገሪያቸው። ዛሬውኑ። ለሁለቱም።»

የስፌት መኪናው ቆመ። የቆመ የስፌት መኪና እንዲህ እንደሚጮኽ ፕሮፍ አታውቅም ነበር።

«ስልኩን ስጫቸው» አለች እናቷ በመጨረሻ።

አክስቷ ስልኩን እንደ ትኩስ ድንች ከጆሯቸው አርቀው ያዙት።

«እትዬ… እኔ አፈር ልብላ። ይመለሱ። ልጅቷ ሻንጣውን ትያዝልዎ፤ ምሳ እየጠበቅንዎ ነው።»

«ስፌትሽን ስፊ» አሉ አክስቷ። ቁጣ አልነበረበትም፤ ይቅርታም አልነበረበትም። ስልኩን መለሱላት።

«እውነቷን ነው፣ ይመለሱ» አለች ፕሮፍ። «አልጋውን አልፈልገውም። በኔ የተነሳ እንዲህ ተጎድተው፣ ጉልበትዎ እንኳ ሳይድን…»

«አልመለስም አልኩሽ እኮ።»

ረዳቱ የአውቶቡሱን ጎን በመዳፉ እየመታ ተጣራ። አክስቷ ሻንጣቸውን ተደግፈው ተነሱ፤ ፕሮፍ ልታግዛቸው እጇን ስትዘረጋ ገፉት፤ ከዚያ ትንሽ አስበው ሻንጣውን ራሱን አስያዟት። ከደረታቸው ኪስ የታጠፈ ወረቀት አወጡ።

«መነጽሬ ሻንጣው ሆድ ውስጥ ነው። የወንበሬን ቁጥር አንብቢልኝ። ማንበብ ላይ ጎበዝ ነሽ አይደል?»

ፕሮፍ ቲኬቱን ዘረጋችው። «አሥራ ሰባት። በመስኮት በኩል።»

«ደግ» አሉ አክስቷ፤ ወረቀቱን ተቀብለው ወደ አውቶቡሱ በር ማዝገም ጀመሩ።

ፕሮፍ ግን ማንበብ ከጀመረች እስከ ታች ድረስ የማንበብ ልማድ አለባት፤ ቲኬቱንም ሳትመልስ በፊት ጨርሳዋለች። ከወንበሩ ቁጥር ሥር፣ በደቃቁ፣ የመነሻው ቀን ተጽፏል፤ ዛሬ፣ ቅዳሜ። ከዚያ ሥር ደግሞ ቲኬቱ የተቆረጠበት ቀን አለ። ሰኞ ነው የተቆረጠው፤ ዳኛ ቅባቱን ከመላሱ አራት ቀን አስቀድሞ።